የዓሣ መስተዋት በቤት ውስጥ ስለ ማዘጋጀት

ሰው የዱር አውሬ አላምዶ፥ ወፍ ቀልቦ፥ በደጁ አበባ ተክሎ ከፍጥረት ጋር አብሮ ለመኖር ምን ጊዜም ሲጥር ኖሯል። ዓሣን በቤት ውስጥ ማኖር ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ውሻ ቢርበው ይጮኻል፤ ድመት ቢበርዳት ወደ ምድጃ ትጠጋለች፤ አበባም ቢጠማው ቅጠሉ ይጠወልጋልና ባለቤቱ ያውቅለታል። ዓሣ ግን የሚጮኽበት ድምፅ፥ የሚሸሽበትም ስፍራ የለውም። የሚተነፍሰውም፥ የሚበላውም፥ የሚጸዳዳውም በዚያችው በአንዲት መስተዋት ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዓሣ ጠባቂ ማለት በእውነቱ ውሃ ጠባቂ ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ የተረዳ ሰው ዓሣው ይኖርለታል፤ ያልተረዳ ግን የቱንም ያህል ቢደክም ሲሞትበት ያያል።

ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣኝ፥ ብዙ ተማሪዎች በሳሎናቸው የዓሣ መስተዋት ለማኖር ሲመኙ፥ ከጀመሩትም መካከል አንዳንዶቹ ዓሣዎቻቸው በሁለትና በሦስት ሳምንት እያለቁባቸው ምክንያቱን ባለማወቅ ሥራውን ሲተዉት በማየቴ ነው። በቤቴ መካከለኛ መጠን ያለው የዓሣ መስተዋት ስላለኝ፥ በሥራ ላይ ያየሁትን ከባዮሎጂና ከኬሚስትሪ ትምህርታችን ጋር እያገናዘብሁ በተራ በተራው አቀርባለሁ።

1ኛ፤ አሳቡ ከወዴት እንደ መጣ

በውሃ ውስጥ የሚኖሩትን ፍጥረቶች በሕይወት ሳሉ በመስተዋት ገንዳ አኑረው ካጠኑት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዲቱ ዣን ቪልፕሩ ፓወር የተባለች ፈረንሳዊት ናት። እርሷም እ.ኤ.አ. በ1832 በሲሲሊ ደሴት ስትኖር የባሕር እንስሳትን ጠባይ ለመመልከት የመስተዋት ገንዳ አሠራች። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው የለንደን ኬሚስት ዓሣ፥ የውሃ ተክልና ቀንድ አውጣ በአንድ ዕቃ ውስጥ አብረው ቢኖሩ ውሃው ሳይበላሽ ለረዥም ጊዜ ሊቆይ እንደሚችል አስታወቀ። ተክሉ ዓሣው የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ በብርሃን ኃይል ኦክስጅን ይመልስለታል፤ ቀንድ አውጣውም የበሰበሰውን ቅጠል ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ1853 በለንደን የአራዊት መጠበቂያ ሕዝብ የሚመለከተው የዓሣ ቤት ተከፈተ፤ በ1854 ደግሞ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «ዘ አኳሪየም» የተባለውን መጽሐፍ ስላሳተመ ስሙም ሥራውም በየቤቱ ተሰማ።

የዋሪንግተን አሳብ እውነት ቢሆንም የእውነቱ ግማሽ ብቻ ነበር። የቀረው ግማሽ የታወቀው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፥ ናይትራይትንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች መኖራቸውን በገለጠ ጊዜ ነው። የዓሣ መስተዋት ሥራ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ስለሆነ አስቀድሜ እርሱን እገልጣለሁ።

2ኛ፤ በዓይን ስለማይታዩት ሠራተኞች

ዓሣ ከበላው ምግብ በሰውነቱ ውስጥ የሚቀረው መርዝ አሞኒያ ይባላል፤ አብዛኛውም በስንጥቡ በኩል ወደ ውሃው ይወጣል። የተረፈ ምግብ፥ ኩስና የሞተ ቅጠልም ሲበሰብሱ አሞኒያን ይጨምራሉ። በወንዝና በሐይቅ ብዙ ውሃ ስላለ አሞኒያው ይሳሳል፤ በትንሽ መስተዋት ውስጥ ግን መሄጃ ስለሌለው እየተጠራቀመ የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። አሞኒያ ቀለም የለውምና ውሃው እንደ ምንጭ ጥርት ብሎ እየታየ ዓሣው ሊሞት ይችላል።

በዚህ ጊዜ አንደኛው ወገን ባክቴሪያ አሞኒያውን እየተመገበ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም ራሱ መርዝ ነው፤ የዓሣውን ደም ለውጦ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋልና ዓሣው በአየር መካከል እንደታፈነ ሰው ይሆናል። ሁለተኛው ወገን ባክቴሪያ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት በመጠኑ ሲሆን ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ እንዲያውም ለተክል ማዳበሪያ ይሆናል፤ የተረፈውንም ሰው ውሃውን በከፊል በመለወጥ ያስወግደዋል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት በጠጠሩ፥ በተክሉና ከሁሉም ይልቅ በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ተጣብቀው ነው። ወተት የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲራቡ፥ እነዚህ ግን አንድ ጊዜ ለመራባት ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ አዲስ መስተዋት ሥራውን የሚችሉ በቂ ሠራተኞች እስኪያገኝ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፥ በቀዝቃዛ ውሃም ከዚያ በላይ መጠበቅ አለበት። ገበያ በተወጣበት ዕለት ዓሣና መስተዋት አብሮ ተገዝቶ ሲመጣ ዓሣው የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቤቱ ተሠርቶለታል፥ ቤቱን የሚጠርጉት ግን ገና አልተወለዱም።

3ኛ፤ ስለ ዕቃውና ስለ ማኖሪያው

ብዙ ሰው ክቡን ትንሽ የመስተዋት ዕቃ ይወዳል። ነገር ግን አፉ ጠባብ ስለሆነ አየር የሚገባበት የውሃ ገጽ ያንሳል፤ ውሃውም ጥቂት ስለሆነ ሙቀቱም ንጽሕናውም ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ለጀማሪ ትልቁ ከትንሹ ይልቅ ይቀልላል። እኔ የምመክረው ርዝመቱ 60፥ ስፋቱ 30፥ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ነው። ይህም በሒሳብ 54 ሊትር ይሆናል፤ ጠጠሩ የሚይዘውና ከላይ የሚተወው ባዶ ስፍራ ሲቀነስ ወደ 45 ሊትር ውሃ ይይዛል።

የተዘጋጀ ዕቃ ያላገኘ ሰው 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስተዋት አስቆርጦ ለዓሣ መስተዋት በተሠራ ሲሊኮን ማጣበቅ ይችላል። ለመታጠቢያ ቤት የተሠራው ሲሊኮን ሻጋታን የሚገድል መድኃኒት ስለሚቀላቀልበት ለዓሣ አይሆንም። ሲሊኮኑ ከደረቀ በኋላ ዕቃውን በግቢ ውስጥ ሞልቶ ለሁለት ቀን ማየት ይገባል፤ የሚያፈስ ከሆነ በሳሎን ምንጣፍ ላይ ከሚታወቅ በግቢ ቢታወቅ ይሻላል።

ውሃው፥ ጠጠሩና መስተዋቱ በአንድነት 70 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ። ስለዚህ ጠረጴዛው ጠንካራ ሊሆን፥ በውሃ ልክም ተለክቶ የተስተካከለ ሊሆን ያስፈልጋል። ከሥሩ ስስ የስፖንጅ ምንጣፍ ቢነጠፍ ክብደቱን በትክክል ያከፋፍለዋል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው መስኮት አጠገብ ማኖር አይገባም፤ ውሃው በቀን ይሞቃል፥ በሌሊት ይቀዘቅዛል፥ መስተዋቱንም አረንጓዴ ሽበት ያለብሰዋል።

4ኛ፤ ስለ ውሃው፥ ስለ አየሩና ስለ ሙቀቱ

የቧንቧ ውሃ ለሰው ጤና ሲባል ክሎሪን ይጨመርበታል። ክሎሪን ተሕዋስያንን የሚገድል ስለሆነ የዓሣውን ስንጥብም፥ የምንጠብቃቸውን ባክቴሪያዎችም ይጎዳል። አፉ በተከፈተ ባልዲ ወይም በርሜል ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀንና ሌሊት የቆየ ውሃ ክሎሪኑ በንኖ ይሄዳል። በብዙ ቤት ውሃ በጀሪካን ተጠራቅሞ ይቀመጣል፤ ይሁን እንጂ ክዳኑ እንደ ተዘጋ ከሆነ ክሎሪኑ መውጫ የለውም። ክሎራሚን የሚጨመርበት ውሃ ግን በማቆየት ብቻ ስለማይጠራ፥ ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበትን የዓሣ ውሃ መድኃኒት በመመሪያው መጠን መጨመር ያስፈልጋል።

በደጋ የምንኖር ሰዎች ልናስበው የሚገባን ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ያህል ይወርዳል። በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ሙቀት፥ በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሊትር ውሃ 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፥ በአዲስ አበባ ግን 6.2 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ይይዛል። ስለዚህ በቆላ ወይም በባሕር ዳር አገር የተጻፈ መጽሐፍ አሥራ ሁለት ዓሣ አስገቡ ቢል በእኛ አገር ደጋ ስምንት ማድረግ ጥበብ ነው። የውሃውን ገጽ የሚያንቀሳቅስ ማጣሪያ ወይም አየር የሚነፋ ትንሽ ሞተርም አይቅር።

ስለ ሙቀት ደግሞ፥ በቤቴ በሐምሌ ጠዋት ማሞቂያ ሳይኖር ውሃውን በቴርሞሜትር ስለካ 16 ዲግሪ አገኘሁ። ይህ ለሞቃት አገር ዓሣ አይበቃም። ለ45 ሊትር ውሃ 50 ዋት ኃይል ያለው፥ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር ማሞቂያ ይበቃል።

5ኛ፤ አሠራሩ በየተራው

ሀ) መስተዋቱን በንጹሕ ውሃ ብቻ ማጠብ። ሳሙና፥ በረኪናም ሆነ ሌላ ማጽጃ ፈጽሞ አይነካውም።

ለ) ጠጠሩን ማዘጋጀት። ስኒ ውስጥ ጥቂት ጠጠር አድርጎ አቼቶ ጠብ ቢያደርጉበት አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ኖራ አለበትና ውሃውን ያከብደዋል፤ ሌላ መፈለግ ይሻላል። የተመረጠውን በወንፊት እየነፉ፥ የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ማጠብ፤ ከዚያም በፊት በኩል 3፥ በኋላ በኩል 6 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እንዲኖረው አድርጎ ማንጠፍ። እንዲህ ዘንበል ሲል ለዓይን ጥልቀት ይሰጣል፥ ጉድፉም ወደ ፊት ተንከባልሎ ለማውጣት ይመቻል።

ሐ) ድንጋይና እንጨት ማስዋብ። ትልቁን ድንጋይ ከመካከል ሳይሆን ከአንድ ወገን ማኖር ያምራል። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀዳዳ የበዛበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በደንብ ታጥቦ ቢገባ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ለባክቴሪያዎቹ ሰፊ መኖሪያ ይሆናል። ቀለም የተቀባ ወይም የሚዝግ ብረት ያለበት ጌጥ አይግባ።

መ) ውሃውን መሙላት። በጠጠሩ ላይ ሳህን አስቀምጦ በሳህኑ ላይ ቀስ ብሎ ማፍሰስ፤ አለዚያ የተነጠፈው ሁሉ ይበተናል።

ሠ) ተክሉን መትከል። ቫሊስኔሪያና ሴራቶፊለም ለጀማሪ የማያስቸግሩ ናቸው። ተክልንም ሆነ ቀንድ አውጣን ከሐይቅና ከወንዝ ዳር ማምጣት ግን አደገኛ ነው፤ የብልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት በእንዲህ ያለ ውሃ የሚኖሩ ቀንድ አውጦች ናቸውና። ከዓሣ ነጋዴ ወይም የዓሣ መስተዋት ካለው ጓደኛ መውሰድ ይሻላል።

ረ) ማጣሪያውንና ማሞቂያውን ማስነሣት። የኤሌክትሪክ ሽቦው ከሶኬቱ በታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ እንዲወጣ ማድረግ ይገባል፤ በሽቦው ላይ የሚወርድ የውሃ ጠብታ ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይገባም። እጅ ወደ ውሃ ከመግባቱ በፊት ምን ጊዜም ሶኬቱ ይነቀል።

ሰ) ያለ ዓሣ መጠበቅ። በየቀኑ ቁንጥር የምታህል የዓሣ ምግብ ወደ ባዶው ውሃ መጨመር ነው። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል፤ በአሞኒያውም ባክቴሪያው ይራባል። በዓሣ ዕቃ መሸጫ በሚገኘው መመርመሪያ ውሃውን በየሦስት ቀኑ መመርመር ያስፈልጋል። በደብተሬ እንደ ጻፍሁት በመጀመሪያ አሞኒያው ከፍ አለ፤ በሦስተኛው ሳምንት እርሱ ሲወርድ ናይትራይቱ ወጣ፤ በ36ኛው ቀን ሁለቱም ጠፍተው ናይትሬት ብቻ ተገኘ። ዓሣ የሚገባው ይህን ጊዜ ነው። የቤቱ ሰዎች ባዶውን መስተዋት እያዩ «ዓሣው የት አለ?» እያሉ ቢስቁም እንኳ መታገሥ ነው።

6ኛ፤ ዓሣውን ስለ መምረጥ

ለጀማሪ ጉፒ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ይስማማዋል። አገሩ ትሪኒዳድና የደቡብ አሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ስሙንም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1866 ከትሪኒዳድ ወደ ለንደን ናሙና ከላከው ከሮበርት ጉፒ ነው። ወንዱ በጅራቱ ቀለም ያማረ ነው፤ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ያለ ውሃ ይስማማዋል። ሴቲቱ እንቁላል ሳትጥል ግልገሎቿን በሕይወት ትወልዳለች፤ በየወሩም ገደማ ስለምትወልድ ዓሣው እንዳይበዛበት የሚሻ ሰው ወንዶችን ብቻ ይግዛ።

ወርቃማው ዓሣ ቅዝቃዜን ስለሚችል ብዙ ሰው ይመርጠዋል። ነገር ግን በትንሽነቱ የተገዛው ዓሣ ሲያድግ ከ20 ሳንቲ ሜትር ሊበልጥ፥ ከአሥር ዓመትም በላይ ሊኖር ይችላል። እርሱን በ45 ሊትር ማኖር በሬን በዶሮ ቤት እንደ ማሰር ነው።

ዓሣዎቹ ሲመጡ በአንድ ጊዜ ብዙ ማስገባት አይገባም፤ ባክቴሪያው የሚበዛው በሥራው ልክ ነውና። በመጀመሪያ ሦስት፥ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሦስት ማድረግ ይበቃል። የመጡበትን የላስቲክ ከረጢት እንደታሰረ ለ20 ደቂቃ በውሃው ላይ ማንሳፈፍ ሙቀቱን ያስተካክላል፤ ከዚያም ዓሣዎቹን በወንፊት እያወጡ ማስገባት እንጂ የነጋዴውን ውሃ አብሮ መገልበጥ አይገባም።

7ኛ፤ ስለ ጥበቃው፥ ይልቁንም ስለ ንጽሕና

ምግቡ በቀን አንድ ጊዜ፥ ዓሣዎቹ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱት ያህል ብቻ ይሁን። ዳቦና እንጀራ መፈርፈር ውሃውን ያበላሸዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሕፃናት ምግብ እንዳይበትኑ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከረኃብ ይልቅ ጥጋብ ብዙ የቤት ዓሣ ገድሏል።

በዚህ ሥራ ትጉህ ሰው ከሰነፍ ይልቅ ሊጎዳ የሚችልበት ስፍራ አለ፤ እርሱም ንጽሕና ነው። ሳህን የሚያጥብ ሰው እስኪያብረቀርቅ ቢፈትግ ይመሰገናል። የዓሣውን ውሃ በሙሉ ደፍቶ፥ ጠጠሩን አውጥቶ፥ ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አጥቦ የሚመልስ ግን በ36 ቀን የተገኙትን ሠራተኞች በግማሽ ሰዓት አጠፋቸው። ዓሣዎቹ ያን ዕለት በንጹሕ ውሃ ሲዋኙ ያምራሉ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን አሞኒያው ያገኛቸዋል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ከውሃው አንድ አራተኛውን፥ ማለት 11 ሊትር ያህል፥ በጎማ ቱቦ ከታች ጉድፉን እየሳቡ ማውጣትና፥ ክሎሪኑ በጠፋና ሙቀቱ በተስተካከለ ውሃ መተካት ይበቃል። ስፖንጁም ውሃ ማሳለፍ ሲያቅተው፥ ከመስተዋቱ በወጣው በዚያው ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ መመለስ ነው። የወጣው ውሃ ናይትሬት ስላለበት ለአበባና ለጎመን መልካም ነው፤ እናቴ ለጓሮዋ ትጠቀምበታለች።

8ኛ፤ መብራት በጠፋ ጊዜ

መብራት ሲጠፋ ማጣሪያው ይቆማል፥ ማሞቂያውም ይቀዘቅዛል። በመጀመሪያ ዓሣውን አለመመገብ፤ በሁለተኛ በየግማሽ ሰዓቱ በኩባያ ውሃ እየቀዱ ከፍ አድርጎ ወደ መስተዋቱ መልሶ ማፍሰስ፥ ይህም አየር ያስገባል። በሦስተኛም መስተዋቱን በጋቢ ዙሪያውን መጠቅለል ነው፤ ከላይ ግን አየር መግቢያ ይተውለታል። እኔ በጋቢ ጠቅልዬ ስለካው ውሃው በአምስት ሰዓት ውስጥ ከ25 ዲግሪ ወደ 23 ተኩል ብቻ ወረደ። መብራቱ ከብዙ ሰዓት በኋላ ቢመጣ፥ ማጣሪያውን ከማስነሣት አስቀድሞ ስፖንጁን በመስተዋቱ ውሃ ማለቅለቅ ይገባል፤ አየር ያጡ ባክቴሪያዎች በውስጡ ሞተው በስብሰው ይሆናልና።

9ኛ፤ ከመስተዋቱ ወደ ወንዝ ስላለመልቀቅ

በመጨረሻ የማሳስበው ነገር ከቤታችን ውጭ ላለው ውሃ ነው። ዓሣው የበዛበት ወይም ሥራው የሰለቸው ሰው ለእንስሳቱ በማዘን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ ሊለቃቸው ያስብ ይሆናል። ይህ ርኅራኄ አይደለም። የእንግዳ አገር ዓሣና ተክል በሽታን ሊያመጣ፥ የአገሩንም ተወላጅ ሊያጠፋ ይችላል። በጣና ሐይቅ በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኙ የላቤኦባርቡስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ እነርሱ አንድ ጊዜ ከጠፉ የሚመጡበት ሌላ ሐይቅ የለም።

ለዚህ ምስክር እንቦጭን መጥቀስ ይበቃል። እንቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፥ ሐምራዊ አበባው ስላማረ በብዙ አገር ለጌጥ የተወሰደ የውሃ ተክል ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ መታየቱ ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የጀልባውን መንገድ እየዘጋ፥ የዓሣ አጥማጁን መረብ እየያዘ፥ ገበሬውን ከሐይቁ ገብቶ በእጁ እንዲነቅለው አስገድዶታል። ስለዚህ የተረፈ ዓሣ ለሌላ ጠባቂ ይሰጥ፤ የተቆረጠ የውሃ ተክልም በፀሐይ ደርቆ ይጣል እንጂ ወደ ቦይና ወደ ወንዝ አይወርወር።

እንግዲህ ይህችን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ጓደኛዬ ሁሉ ከገንዘቡ አስቀድሞ ትዕግሥቱን ይቁጠር። ያለ ዓሣ ስድስት ሳምንት መጠበቅ የሚችል፥ በየሳምንቱ 11 ሊትር ውሃ ለማመላለስ የማይታክት፥ በየጥቂት ቀኑም ውሃውን መርምሮ በደብተሩ የሚጽፍ ሰው፥ ቀለማቸው ያማረ ፍጥረቶች በሳሎኑ ሲመላለሱ ያያል። በመጽሐፍ ያነበበውንም የተፈጥሮ ሕግ በዓይኑ ፊት ሲሠራ ይመለከታል። ባልዲውን አፉን ከፍቶ ውሃ ማስቀመጥ ግን ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል።